በፖስታ የተመረጠው የቅሬ ጠሪ

ኑርዬ ይመር መሬቱ ጠባብ፣ በሬው አንድ፣ ድምፁ ግን የሁለት ሰው ነበር። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለችው መንደራቸው በላይ ጉብታ አለ፤ ጉብታው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ኑርዬ ጎህ ሲቀድ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ «ቅሬ!» ያለ እንደሆነ ከውኃው ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ከመደባቸው ይነሱ ነበር።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። የሼሁን ሬሳ ክርስቲያኑ ይሸከማል፣ የቄሱን መቃብር እስላሙ ይቆፍራል። ጠሪው ጠርቶ የቀረ ቤት ይቀጣል፤ ደግሞ ከቀረ እሳት እንኳ የሚያውሰው ጎረቤት አያገኝም። ስለዚህ ኑርዬ ሲጠራ የታመመው ሰው ተደግፎም ቢሆን ይወጣል። ጠሪነቱን ከአባቱ ነው የወረሰው። ሌላ የሚኮራበት ነገር ስላልነበረው በዚህ እስኪበቃው ይኮራ ነበር፤ ማር ከተገኘ «ለጉሮሮዬ» ብሎ ከልጁ አፍ ቀድሞ የሚልስ ሰው ነው። ሚስቱ አሲያ «ሌላዋ ባሏ በሬ ያመጣላታል፣ የኔ ባል ጩኸት» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ድንጋዩ ግን ሕግ አለው። ከዚያ ላይ የሚጠራው ሞት ብቻ ነው። ከብት የጠፋበት፣ ልጁን የሚድር፣ ጅብ የገባበት ሁሉ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጩህ። ከድንጋዩ የተሰማ ጥሪ ውሸት የለውም፤ በሞት ማን ይዋሻል?

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ተዋሸበት።

የዚያን ዓመት ረኀብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኑርዬ በየማለዳው ሲጠራ ከርሞ ድምፁ ሻከረ፤ ኋላም ቆፋሪው ሁሉ አቅም ስላጣ መጥራቱም ቀረ። ጥር ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሙላት ካኪ የለበሱ እንግዶች አስከትሎ ወደ ቤቱ መጣ።

«እህል መጥቷል። ሰዉ መኪናው የሚቆምበት ሜዳ ይውረድ። ውጣና ጥራ» አለው።

«ከዚህ ከደጄ ልጥራ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ድንጋዩ ለሬሳ ነው።»

«ከደጅህ ማን ይሰማሃል? ግማሹ ከመደቡ መነሣት አቅቶታል፣ ግማሹ ሰፈራ ይወስዱናል ብሎ ጥሻ ገብቷል። ከድንጋዩ ከጠራህ ግን ይወጣል። እህሉን ይዘን እንመለስ ወይ?»

ኑርዬ ወጣ፤ «ቅሬ! እህል መጥቷል፣ ወደ ሜዳው ውረዱ!» ብሎ ጠራም። የወጣው ወጣ። ከጉብታው ሆኖ ቁልቁል ሲያይ ኡራል መኪኖቹ ተደርድረዋል፤ ሸራቸው ተገልጧል፤ ውስጣቸው ጆንያ የለም። ወደ ሙላት ዞር ብሎ «እህሉ የታለ?» አለ።

«ከኋላ ይመጣል። ድገም!»

ደገመ። የመጀመሪያውን ጥሪ ሳያውቅ ጠራ እንበል፤ ሁለተኛውን ግን ባዶ መኪና እያየ ነው የጠራው። ሰውየውን ከዚያ በኋላ እንደ ነቀዝ ሲበላው የኖረው ይህ ነው። አንድ ልጁ እንድሪስ፣ ዙሌይካን ካገባ ዓመት ያልሞላው፣ ሰፈራውን ፈርቶ ከሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ተደብቆ ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ አልወጣም። ሁለተኛውን ሲሰማ «አባቴ ደግሞ ከጠራማ እውነት ነው» ብሎ ሚስቱን ይዞ ወረደ። እሱም፣ የጎረቤታቸው የሂንድ ልጅ ሀምዱም፣ የመንደሩም እኩሌታ በዚያች ቀን ተጭነው ወደ ወለጋ ሄዱ። ከኋላ ይመጣል የተባለው እህል እስካሁን በመምጣት ላይ ነው።

በቀጣዩ ክረምት ዝናብ ዘነበ፤ የተረፈው ሰው ዘርቶ በላ፣ ደጁንም ጠረገ። የኑርዬ ጥሪ ግን ሞተ። የሂንድ ባል ያረፉ ጊዜ ኑርዬ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ቢጠራ የሚከፈት በር ጠፋ። ሰው በስንጥቅ ያያል፣ መኪና ይኖር እንደሆነ ያዳምጣል፣ መልሶ ይተኛል። ሬሳው የቀትሩ ዙህር እስኪሰገድ ድረስ ሳይቀበር ቆየ። ወሎ ውስጥ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም።

ቅሬው ሲሰበሰብ ሂንድ ተነሣች። የቅሬው ዳኛ አቶ አያሌው ናቸው፤ በልጅነታቸው ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ።

«ጋሼ አያሌው፣ ባሌን ውሻ ሊጎትተው ነበር» አለች። «ይኼ ሰው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ልጄን ሸጠው። ወላሂ እሱ ሲጠራ ዳግም ከቤቴ አልወጣም። እኔ ስሞትም እንዳይጠራኝ!»

ኑርዬ «እኔስ ያጣሁት ልጅ አይደለም?» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «አላወቅሁም» የሚል ቃል ብቻ ነው። እያለውም ግማሹ ውሸት እንደሆነ ያውቀዋል።

ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። ይውረድ ያለው አለ፤ ልጁንም ጭምር የሰጠ ሰው ምን ይደረግ፣ ታዝዞ ነው ያለውም አለ። አቶ አያሌው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦

«ጠሪነት ቢወረስም ክርክር ሲነሣበት ጠሪ የሚመረጠው በየቤቱ ድምፅ ነው። የተጫኑት ቤቶች ከቅሬው አልተሰረዙም። ደግሞ የተበደሉት እነሱ ናቸው። በእነሱ ቁስል እኛ እዚህ ተቀምጠን ይቅር ባይ ልንሆን አንችልም። ይጠየቁ።»

«ወለጋ ድረስ ማን ሄዶ?»

«ፖስታ ይሄዳል።»

ሰዉ ሳቀ። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ተሰልፎ ለሕገ መንግሥቱ ድምፅ ሰጥቶ ነበርና ምርጫ ለሚባል ነገር አዲስ አልነበሩም፤ ያኛው ግን ውጤቱ ሳይመረጥ የሚታወቅ ስለነበር ማንንም እንቅልፍ አልነሣም። ይኼኛው የኑርዬን እንቅልፍ ነሣው። መልሱ እስኪመጣ ድንጋዩ ላይ እንዳይወጣ ተፈረደ። ሰው ሲሞት ሽማግሌ በር ለበር እየዞረ ይናገር ጀመር። ኑርዬ እቤቱ ሆኖ ኮቴውን ይሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥራ የሚሉት ሰዎች እንዲኖሩ።

የቅሬው ተላላኪ ደግሞ በደንቡ ጠሪው ነው። ስለዚህ የሚመረጥበትን ፖስታ የሚያመላልሰው ራሱ ኑርዬ ሆነ። አቶ አያሌው «እጅህ የታሸገውን እንጂ ያልታሸገውን እንዳይነካ» ብለው ብቻ ለቀቁት።

ቅሬው ድሮም ሰው ሲመርጥ ባቄላና ሽምብራ ቅል ውስጥ በመጣል ነው፤ ይሁን የሚል ባቄላ፣ አይሁን የሚል ሽምብራ። ስለዚህ በየፖስታው አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ከተቱ። አስረስ የሚባል የመንደሩ አስተማሪ ሀምዱ በአንዲት ደብዳቤ ልኮት በነበረው የሰፈራ ጣቢያ አድራሻ ላይ የየቤቱን ስም ጻፈ። ኑርዬ ተሸክሞ ሐይቅ ከተማ ወረደ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አንዱን ጨበጥ አደረገና ፈገግ አለ። ማኅተሙን አንሥቶ ቴምብሩ ላይ ዷ አደረገበት፤ ከዚያ ፖስታውን ቀዶ ጠረጴዛው ላይ አራገፈው። ባቄላውም ሽምብራውም ዱቄት ሆነዋል።

«አባቴ፣ ይኼ ምርጫ ነው ሽሮ?» አለው።

ኑርዬ ሸክሙን ይዞ ተመለሰ። መላውን ያመጣችው አሲያ ናት። «ክር ላኩላቸው። ነጭ ይቀጥል፣ ጥቁር ይውረድ። የወደዱትን ወረቀቱ ላይ ሰፍተው ይመልሱ። ክር ማኅተም አይሰብረው» አለች። አቶ አያሌው ወደዱት።

የፖስታ ቤቱ ሰው ግን ይህን ሁሉ ደብዳቤ ወደ ሰፈራ ለመላክ የገበሬ ማኅበሩን ወረቀት አምጣ አለ። ሙላት ዘንድ ሄዱ። ሙላት ክሮቹን በጣቱ እያገላበጠ ብዙ አየ። «ነጭና ጥቁር ምን የሚሉት ምልክት ነው? ማንን ልታስጠረጥሩ ነው?» አለ። በመጨረሻ ፈረመ፤ ነገር ግን ስለ መኪና፣ ስለ እህል፣ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል እንዳትጻፍ አለ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይኸው ብቻ ሆነ፦ «ኑርዬ ይመር የቅሬው ጠሪ ሆኖ ይቀጥል ካላችሁ ነጭ፤ ይውረድ ካላችሁ ጥቁር።»

ኑርዬ አስረስን ለብቻው ጎተተው። «በእንድሪስ ፖስታ ላይ ብቻ አንዲት ቃል ጨምርልኝ። አባትህ ይቅር በለኝ ይላል በልልኝ።»

አቶ አያሌው ከኋላ ሆነው ሰሙ። «የለም ኑርዬ። አንተ ተመራጭ ነህ። ለመራጭ የሚጻፍ ልመና ጉቦ ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ግን እውነት ሁሉ አንጀት የለውም። ኑርዬ የልጁን ክር ራሱ ቆረጠ። ነጩን ረዘም፣ ጥቁሩን አጠር አድርጎ ቆረጠው። አሲያ አየችው።

ፖስታው ሄደ። ኑርዬ በየገበያው ቀን ሐይቅ ከተማ ይወርዳል። የሚሸጠው ኖረም አልኖረም ይወርዳል። ሠራተኛው ከሩቅ ሲያየው ራሱን ይነቀንቅለታል። በልግ አለፈ፤ ግንቦት ፀሐዩ ከረረ፤ ሰኔ መጣ። በመንገድ ላይ ሆኖ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ሀምዱ ጥቁር ይሰፋል፤ እናቱ ያለችውን ጽፋለት ይሆናል። እገሌ ነጭ ይሰፋል፤ አባቱን ደህና አድርጌ ጠርቼለታለሁ። እንድሪስ ጋ ሲደርስ ሙግቱ ይቆማል። ልጁ ጥቁር ቢሰፋ ይገባዋል፤ ነጭ ቢሰፋ ግን ምን ብሎ እንደሚያለቅስ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ሠራተኛው ራሱን አልነቀነቀም። በልጥ የታሰረ አንድ እሽግ አውጥቶ ሰጠው፤ ሰፈርተኞቹ መልሳቸውን ሁሉ በአንድ ጠቅልለው ልከውታል። ኑርዬ ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ በዝናብ ወጣ። መንገድ ላይ ቆሞ ዳበሰው፤ ክር በመዳበስ አይለይም። መሠረተ ትምህርት የልጁን ስም ለማንበብ ያህል አስተምሮታል፤ ልጡን ቢፈታ የእንድሪስን ማየት ይችል ነበር። አልፈታም። ያን ቀን ማታ ሚስቱን «ሰው አንድ ጊዜ አድርግ ያሉትን ካደረገ፣ ሌላ ጊዜ አታድርግ ያሉትን አለማድረግ ነው የቀረው» አላት።

ቅሬው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አስረስ ልጡን ፈታ፤ እያንዳንዱን ወረቀት እየገለጠ ስም ይጠራል፣ ክሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ነጭ። ነጭ። ጥቁር። ነጭ። ሂንድ የሀምዱ ሲጠራ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ነጭ ነው። «አይሆንም!» አለች። ደግማ አየችው፤ ነጭ ነው። ኑርዬ ዋርካውን ተደገፈ። የቀረችው የእንድሪስ ናት።

የእንድሪስ ፖስታ አልወጣም። የወጣው የታጠፈ ሰፊ ወረቀት ነው። አስረስ ገልጦ በዓይኑ አነበበው፤ ፊቱ ተለወጠ። ለአቶ አያሌው ሰጣቸው። እሳቸውም አንብበው አጠፉትና ኪሳቸው ከተው ተነሡ።

«ዝናቡ ደርሷል። የቀረውን ነገ እንጨርሳለን።»

ዝናቡ ገና ማዶ ነበር። ሰዉ ተነሣ። ከሳቸው ጋር ቆመው ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ተንሾካሾኩ፤ ከነሱ ወደ ሌላው አለፈ። ማንም ወደ ኑርዬ ፊት አላየም። ከመምሸቱ በፊት ነገሩን መንደሩ በሙሉ ያውቀው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ኑርዬ እቤቱ ገብቶ «ወደቅሁ» አላት አሲያን።

«ነጩ በዝቶ የለም?»

«ያ ወረቀት የእንድሪስ ነው። ልጄ ክር አልበቃውም፤ ጽፎ ሰደበኝ። አያሌው በሰው ፊት ማንበቡ ከብዶት ነው ያጠፈው።»

«አብሽር» አለችው። «ከሰደበህም ጤነኛ ነው ማለት ነው።»

በዚህ ተጽናኑ። ኑርዬ ሲነጋ የሚለውን ሲያዘጋጅ አመሸ፤ ውረድ ሲሉት እሺ ይላል፤ ከዚያ የዋሸውን ያፈርጣል፤ መኪናው ባዶ እንደነበር አይቼ ነው የደገምሁት ይላቸዋል። ይህን ከወሰነ በኋላ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ወሰደው።

ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ሳል ተሰማ። ወጣ። አቶ አያሌው፣ የመንደሩ ሼህ ዘይኑልአቢዲን፣ አስረስ፣ ከኋላቸውም ሌሎች ቆመዋል። ኑርዬ ያዘጋጀውን ሊጀምር ሲል አቶ አያሌው ቀደሙት።

«ኑርዬ፣ ተመርጠሃል። ጠሪያችን አንተ ነህ።»

«አልሀምዱሊላህ!» እጃቸውን ለቀም አድርጎ ሳመ። ሳቀም። «አሲያ! ነይ፣ ነጭ ነው አሉ! ነጭ ነው!» ከዚያ ወደ አስረስ ዞሮ «የእንድሪስስ?» አለ።

አስረስ መሬት መሬት አየ።

አሲያ ከበሩ ብቅ ብላ ቆመች። እሷ ያየችው ሽማግሌዎቹን አይደለም፤ ከኋላቸው ያሉትን ሴቶች ነው። ሁሉም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀዋል። ለምርጫ በጎህ የሚመጣ ሰው የለም። በጎህ፣ ተሰብስቦ፣ ታጥቆ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። ጮኸች። ኑርዬ ነገሩ በሷ ጩኸት ነው የገባው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን መርዶ ሲነግር የኖረ ሰው የራሱን ደጁ ላይ ቆሞ ሲስቅ አላወቀውም።

ሼህ ዘይኑልአቢዲን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ኑርዬ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ወረቀቱ ምን ይላል?» አለ። አቶ አያሌው ሊተዉት ፈልገው ነበር፤ «አንብቡልኝ፤ የቅሬ ወረቀት አይደለም?» አላቸው። አነበቡለት። ሀምዱ ነው ያስጻፈው።

«እንድሪስ ባለፈው ክረምት በወባ ሞቷል። ዙሌይካ አለች። መርዶውን በማን እንላክ ስንል ፖስታችሁ ደረሰ። ኑርዬ ሁለት ጊዜ እንደጠራ አልረሳንም፤ ይቅርም አላልነውም። ነጭ የሰፋነው እንድሪስን ሌላ ሰው እንዳይጠራው ነው። እኛን ለእህል ጠርቶናል፤ ልጁንም ከዚያው ድንጋይ ላይ ለሞቱ ይጥራው።»

ይህ ምሕረት ነው ወይስ ቅጣት የሚለው ክርክር በመንደሩ ዛሬም አልተቋጨም። አቶ አያሌው «እምቢ ብትል ማንም አይፈርድብህም። ሌላ ሰው ይጠራል» አሉት።

ኑርዬ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣና ወደ ጉብታው ሄደ። አሲያ ጋቢውን ያዘችው፤ አስለቀቃትና ወጣ። ከድንጋዩ ላይ ሲቆም አርዲቦ ገና ጭጋግ ለብሶ ነበር።

«ቅሬ! ቅሬ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እንድሪስ ኑርዬ አረፈ!»

ድምፁ አልተሰበረም። ማዶ ድረስ ሄደ። ከዚያ በኋላ በደንቡ መቃብሩ የሚቆፈርበት ቦታ ነው የሚጠራው፤ ቆፋሪ ወደዚህ፣ አልጋ ተሸካሚ ወደዚያ። ኑርዬ እዚያ ሲደርስ የሚለው ጠፋው። ታች ያለው ሰው ይጠብቃል። ሂንድ ከበሯ ላይ ቆማለች፤ አትወጣም፣ አትገባም።

«መኪናው ባዶ ነበር» አለ፣ በዚያው በጥሪው ድምፅ። «አይቼዋለሁ! አይቼ ነው የደገምሁት! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ከዚያ በላይ አልጠራም። ቁልቁል ሲወርድ በሮች ሁሉ ተከፍተዋል፤ ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ተከፍተው አያውቁም። ወንዶቹ ከልማድ የተነሣ ዶማቸውንና አካፋቸውን ይዘው ወጥተው ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁት። ኑርዬ መሣሪያቸውን አንድ በአንድ አየ።

«ምኑን ልትቆፍሩት ነው?» አላቸውና ደጁ ላይ ቁጭ አለ።

ወንዶቹ ዶማቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ከጎኑ ተቀመጡ።